የምሳ ማኅበሩና የክትባቱ በረዶ

ካለፈው መስከረም ወዲህ መርፌ አልጨበጥሁም። የከብት ሐኪም ረዳትነቱን ትቼ ወደ ማሠልጠኛ ተዛውሬ መምህር ሆኛለሁ፤ እጄም ከበሬ ቆዳ ይልቅ ከጠመኔ ጋር እየተላመደ ነው። የማስተምራቸው ወጣቶች ነገ በየአውራጃው ተመድበው ከብት የሚያክሙና የሚከትቡ ናቸው። ከትምህርቶቹ አንዱ ስለ መሥሪያ ቤት አደረጃጀት ስለሆነ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣጥኖች እየሣልሁ በመስመር አገናኛቸዋለሁ፤ ከላይ ኃላፊው፣ ከእርሱ ሥር ክፍሎቹ፣ ከክፍሎቹ ሥር ሠራተኞቹ። ትእዛዝ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሪፖርት ወደ ላይ ይወጣል። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን እኔ ደባርቅ በሠራሁበት ዘመን ክትባት ሕያው ሆኖ ገበሬው ደጃፍ ይደርስ የነበረው በእነዚህ መስመሮች ብቻ አልነበረም፤ ክትባት የሞተብንም ጊዜ በእነዚህ መስመሮች ላይ አልሞተም። በክፍል ውስጥ ለማስረዳት ሰዓት የማይበቃኝን ይህን ነገር በጽሑፍ ማስቀመጥ የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ዳባት ነበረ። የወገራ ምድር ሜዳ በመሆኑ ከብት ለመሰብሰብ አያስቸግርም፤ ጎንደርም ቅርብ ነው። ኃላፊያችን ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ሁሉም በየክፍሉ ይሠራል፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች እርስ በርስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። ደመወዜ ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብና ከጎንደር ለማስመጣት ለምችለው መጽሐፍ ይበቃኝ ስለነበር ማታ ማታ ስለ አስተዳደር የተጻፈውን ሁሉ አነብ ነበር። ካነበብሁትም የደመደምሁት፣ ጥሩ መሥሪያ ቤት ማለት ሰው ከሰው ጋር ባይነጋገር እንኳ ወረቀት ብቻ ከክፍል ወደ ክፍል እየሄደ ሥራውን የሚያስኬድበት ነው የሚል ነበር። ዳባት ይህን እምነቴን የሚፈታተን ነገር አላጋጠመኝም።

ወደ ደባርቅ ስዛወር ግን ሁሉ ነገር ተለየ። ደባርቅ ከፍታዋ ላይ ነፋስና ጉም የማይለያት፣ መንገዱ ወደ ሰሜን ሊማሊሞን ይዞ ቁልቁል የሚወርድባት ከተማ ናት። ጽሕፈት ቤታችን ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ረጅም ቤት ነበረ። በዚያ ቤት የሥራ መምህሬ የሆኑት ጋሼ ደሳለኝ የሚባሉ፣ በክትባት ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ዛሬ ተማሪዎቼን ሳስተምር እጄ ሳይታወቀኝ የእርሳቸውን አሠራር ይከተላል።

የምንዋጋው በሽታ ገበሬው «ደስታ» የሚለውን፣ ከብቱን ዓይኑን አስለቅሶ፣ አፉን አቁስሎ፣ አስቀምጦ የሚገድለውን ነበር። ክትባቱ በብልቃጥ ውስጥ እንደ ደረቀ ዱቄት ሆኖ ይመጣል፤ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይሟሟና ሳይቆይ ይወጋል። ሕያው ነገር ስለሆነ ሙቀት ይገድለዋል። ክፋቱ ግን ሲሞት መልኩ አይለወጥም፤ ከሞተ በኋላ መልሰው ቢያቀዘቅዙት ከሕያው የሚለየው ዓይን የለም።

ጋሼ ደሳለኝ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠቡ ነበር። ሣጥኑን መሬት ላይ አያስቀምጡም፤ ጥላ ፈልገው፣ ሣር ጎዝጉዘው፣ በላዩ ላይ በውኃ የራሰ ጆንያ ይጥሉበታል። ከብቱ አጥር ውስጥ ገብቶ ሳይቆም አንዲት ብልቃጥ አይከፍቱም። ባለቤቱን፣ ልጃቸው የሚሆን ወጣት ቢሆን እንኳ፣ «አንቱ» ብለው ፈቃድ ይጠይቁና የበሬውን ስም ይጠራሉ፤ «ና እስቲ ቡሬ፣ ትንሽ ነው የማስቸግርህ» እያሉ ከአንገቱ ጎን ቆዳውን በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ይወጋሉ። ሥራው ካለቀም በኋላ ወዲያው አይነሡም፤ ከገበሬው ጋር ተቀምጠው ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ ያወራሉ። መጀመሪያ ላይ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ግን በየትኛው መንደር የትኛው ከብት እንደ ታመመ የሚሰሙት በዚያ ወሬ ውስጥ ነበር።

የደባርቁ ሌላው ልዩነት የምሳ ማኅበሩ ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ መጋዘን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ከቤቱ የመጣለትን ይዞ ይቀርባል፤ ወጡ ይቀላቀላል፤ ከአንድ ትሪ ይበላል። ጋሼ ደሳለኝ አሉ። የክትባቱን ፍሪጅ የሚጠብቀው ደምሴ አለ፤ ፍሪጁ በላምባ የሚሠራ በመሆኑ እሳቱ እንዳይጠፋ መጠበቅ ሥራው ነበር። ከጎረቤታችን ጤና ጣቢያ ሲስተር አልማዝ ትመጣለች። ከስልክ ማዞሪያው ዘውዱ ይመጣል። እኔም ከተዛወርሁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተጠራሁ። ከሦስት መሥሪያ ቤት የተውጣጣን ስንሆን አንዳችን በአንዳችን ላይ ሥልጣን አልነበረንም። ይሁን እንጂ ላምባ ሲያልቅብን ሲስተር አልማዝ ታበድረናለች፤ ፍሪጃችን ሲሞላ የእርሷ ይቀበልልናል፤ ከሊማሊሞ በታች ከብት መሞት ሲጀምር ደግሞ ዘውዱ ከሹፌሮች የሰማውን ከሪፖርቱ ቀድሞ ይነግረናል። ማኅበሩ ያልተጻፈ አንድ ደንብ ነበረው። በምሳው ላይ የተሰማ ነገር ወደ ኃላፊ ጆሮ አይደርስም፤ አብሮ የሚበላ ሰውም በአብሮ በላው ላይ ሪፖርት አይጽፍም።

በመጀመሪያው ዓመት ጥር ላይ እኔ ለከብት ቆጠራ ወደ ቆላው ተልኬ ሳለሁ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሼ ደሳለኝ ናቸው። ደምሴ ለጥምቀት ጎንደር ወርዶ ሰንብቶ ነበር። በተመለሰ ማግስት በምሳ ላይ ሲስተር አልማዝ ቀለደችበት።

«ደምሴ፣ አንተ ጎንደር ስትጨፍር ፍሪጅህም አብራህ ወርዳ ኖሯል እንዴ? በመስኮት ባያት እሳቷ የለም!»

«ለኩሻት መጣሁ እኮ!» አለ ደምሴ። «ደግሞስ በጥር፣ ደባርቅ ራሷ ፍሪጅ አይደለችም? እኔ ነኝ በጋቢ የምንቀጠቀጥ፤ ክትባቱማ ደልቶታል!»

ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ደሳለኝም ሳቁ። የከተማዋን ብርድ የቀመሰ ሰው ሁሉ ነገሩ እውነት ሊመስለው ይችላል፤ በጥር ሌሊት ደጅ ያደረ ውኃ ይረጋል። ነገር ግን የጥር ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐይዋም ያንን ቆርቆሮ ስትመታው ውላ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ይህን ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም። ክትባቱ ይደፋ ማለት ግን ደምሴን መክሰስ ነበር፤ ደምሴን መክሰስ ደግሞ የማኅበሩን ደንብ ማፍረስ ነበር። ስለዚህ ቀልዱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረና ክትባቱ ወደ ሥራ ወጣ።

ወደ አምባራስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አንዲት መንደር በዚያ ክትባት ተከተበች። በመጋቢት የመንደሪቱ ሽማግሌ አባ ተገኘ ጽሕፈት ቤታችን ድረስ በእግራቸው መጡ። እኔም ተመልሼ ነበርና በዓይኔ አየሁ። ከጫንቃቸው ላይ የበሬ መጥመጃ ጠፍር አውርደው በጋሼ ደሳለኝ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ወጋኸው፤ ሞተ» አሉ። «አልወጋሁትም ብትለኝ ይቀለኝ ነበር፣ ደሳለኝ።»

ይህን ብለው ወጡ። የመንደሪቱ የእርሻ በሬ አብዛኛው አልቆ ነበር፤ ያን ዓመት ገበሬዎቹ መሬታቸውን በዶማ ቆፈሩ። ጋሼ ደሳለኝ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግተው ስለ ፍሪጁና ስለ ቀልዱ ነገሩኝ። «በሬዎቹን የገደልናቸው ደምሴን ላለማስቀየም ነው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በምሳ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ እጃቸው ወደ ትሪው ሁለት ጊዜ ከሄደ ብዙ ነው።

በግንቦት አዲስ ኃላፊ ተሾሙ፤ ጓድ መስፍን ይባላሉ። ወጣት፣ ሸሚዛቸው የማይጨማደድ፣ ፋይል አንብበው የሚመጡ ሰው ነበሩ። የመንደሪቱን ጉዳይ መርምረው ስብሰባ ጠሩን።

«ሥራ ምሳ ላይ አይወሰንም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ መጋዘኑ ይቆለፋል። ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ግንኙነት ሁሉ በእኔ በኩል፣ በደብዳቤ ይሆናል። ይኼ ምሳ አይደለም፤ ቡድንተኝነት ነው።»

«ጓድ መስፍን፣» አሉ ጋሼ ደሳለኝ ቀስ ብለው፣ «ሽሮ ነው።»

የሳቀ ሰው የለም። በዚያ ዘመን «ቡድንተኝነት» የሚለው ቃል ቀልድ የሚቀለድበት አልነበረም፤ ስለዚያ ቃል ተጠርተው ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች እናውቅ ነበር።

እኔ ግን በልቤ ከኃላፊው ጋር ነበርሁ፤ ዛሬም ቢሆን ግማሽ እውነት አልነበራቸውም ለማለት አልችልም። ፍሪጁ ላይ ጧትና ማታ ሙቀቱ እንዲነበብ አደረጉ፤ ደምሴም የሥራ ቦታውን ሊያጣ ጥቂት እስኪቀረው ተገሠጸ። ከዚያ ወዲያ እሳቱ አንድ ቀንም አልጠፋም። መጻሕፍቴ እንደሚሉት ያለ መሥሪያ ቤት ሆንን። ነገር ግን ሌላው ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ደረቀ። ላምባ ለመበደር የተጻፈው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ላምባው ከጎንደር መጣ። ዘውዱ በመንገድ ሲያገኘን ኮፍያውን ብቻ ነክቶ ያልፋል። ከቆላው የከብት ሞት መጀመሩን የሰማነው በሪፖርት ነበረ፤ በሽታው ግን ከሪፖርቱ ቀድሞ በነጋዴ ከብት ሊማሊሞን ወጥቶ ነበር። ጋሼ ደሳለኝ ምሳቸውን ክፍላቸው ውስጥ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ብቻቸውን ይበሉ ነበር።

ቀጥሎ የምተርከው የሆነው በተከታዩ ዓመት የካቲት ላይ ነው። አባ ተገኘ ከዘመድ ተበድረውም በግ ሸጠውም እንደገና በሬ ገዝተው ነበር፤ መንደሪቱም እንዲሁ። በሽታው ወደዚያው አቅጣጫ እየሄደ ነው። ይህ ሁለተኛው በሬ ከሞተ የመንደሪቱ ሰው ከርስቱ ተነቅሎ ከመሰደድ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ከጎንደር ክትባት በጭነት መኪና እንደሚላክልን ተነገረን፤ በማግስቱም ከጧት ጀምረን መንገድ መንገዱን ስናይ ቆየን። መኪናው አልመጣም።

ዘውዱ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከማዞሪያው ሮጦ በመምጣቱ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«ጓድ ኃላፊ፣ በደብዳቤ ላቅርብ ወይስ በአፌ ልናገር?»

ጓድ መስፍን ቀና ብለው አዩት። ስድብ መሆኑ ገብቷቸዋል። «በአፍዎ ይናገሩ። ቶሎ!»

«የእናንተ መኪና ኮሶዬ ላይ ተሰብሮ ቆሟል። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አይቶት ለዳባቱ የስልክ ጓደኛዬ ነገረው። ሣጥኖቹ እጭነቱ ላይ ናቸው፤ ፀሐይ ላይ።»

የእኛ መኪና ለጥገና ከሄደ ሰንብቷል። ጓድ መስፍን እስክሪብቶ አነሡ። «ለጤና ጣቢያው ኃላፊ መኪና እንዲያውሱን ደብዳቤ ይጻፍ፤ ግልባጩ ለአውራጃው…» አሉና አቆሙ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለስብሰባ ጎንደር መሄዳቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጋሼ ደሳለኝ ተነሡ። «ሲስተር አልማዝ ነገ መድኃኒት ለማስመጣት መኪናቸውን ወደ ጎንደር ትልካለች። ዛሬ ትላክልን ብለን እንለምናት። በረዶም አላት።»

«በምን ሥልጣን?»

«በሥልጣን አይደለም፣ ጓድ መስፍን። አብረን ስለበላን ነው።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን ሳያስቀምጡ ቆዩ። «ከእኔስ ምን ይፈለጋል?»

«አይተው እንዳላዩ እንዲሆኑልን ብቻ።»

«እንደሱማ አይሆንም» አሉ ጓድ መስፍን። «ዐምና የተበላሸው ሁሉም አይቶ እንዳላየ ስለሆነ ነው። ሂዱና ለምኗት፤ እኔ ደግሞ መኪናው በእኔ ጥያቄ መውጣቱን ጽፌ እፈርማለሁ። ቢያስጠይቅ እኔን ይጠይቁ።»

ያነበብኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ሊያስተምሩኝ ያልቻሉትን በዚያች ቅጽበት የተማርሁ ይመስለኛል። የምሳው ማኅበር ፍጥነት ነበረው፤ ተጠያቂ ግን አልነበረውም። ደብዳቤው ተጠያቂ ነበረው፤ ፍጥነት ግን አልነበረውም። ያን ቀን ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ።

ሲስተር አልማዝ ነገሩን እስከ መጨረሻው አላዳመጠችም። «አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ከልክላችሁኝ፣ ዛሬ በረዶ አማራችሁ?» እያለች የፍሪጇን በረዶ ሁሉ በሣጥን ገልብጣ ሰጠችኝ። ከጤና ጣቢያው ሹፌር ጋር የሄድሁት እኔ ነኝ። ዳባትን ስናልፍ አሮጌውን ጽሕፈት ቤቴን ዞሬ አላየሁትም። ኮሶዬ ስንደርስ የጭነት መኪናው ገደሉን ተደግፎ ቆሟል፤ ረዳቱ ከሥሩ ተኝቷል። ከሁለቱ የክትባት ሣጥኖች አንዱ ከእህል ጆንያ ሥር ተቀብሮ በጥላ ውሏል፤ ሌላው ከሁሉ በላይ፣ ፀሐይ ላይ ነበር። አዲሱን በረዶ ጨምሬባቸው ሁለቱን ለይቼ ምልክት አደረግሁና ተመለስን።

ደባርቅ ስንገባ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ሁሉም ደጅ ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ ኃላፊውም ጭምር። ጋሼ ደሳለኝ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈቱ፤ አሮጌው በረዶ ገና የጡጫ ያህል ተርፏል። ሁለተኛውን ሲከፍቱ እኔ የጨመርሁት በረዶ ብቻ ነበር፤ ሳገኘው ውኃው ለብ ብሎ እንደ ነበረ ነገርኋቸው። አሁን ግን ብልቃጦቹ ቀዝቅዘዋል፤ ከሌሎቹ የሚለያቸው ምንም ነገር የለም። በሽታው ደጅ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ያለን ክትባት ግማሹ ነው። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር እንደ ነበረ አልጠራጠርም።

ቀድሞ የተናገረው ደምሴ ነው። «ይኼኛው ሞቷል» አለ። «ይደፋ። ማንም እንዳይቀልድበት።»

ጋሼ ደሳለኝ ደምሴን ትከሻውን ያዝ አደረጉትና ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ እሳት ጨመሩ። ጓድ መስፍን አጠገባቸው ቆመው እስኪያልቅ ተመለከቱ።

በማግስቱ በበቅሎ መንደሪቱ ደረስን። ከብቱ ወጥቷል፤ አጥሩ ውስጥ ግን አልገባም። ገበሬዎቹ ፊታቸውን ወደ አባ ተገኘ አዙረው ይጠብቃሉ። ሽማግሌው በትራቸውን ተመርኩዘው ጋሼ ደሳለኝን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«ይኸ መርፌ እንደ ዐምናው ነው፣ ደሳለኝ?»

«አይደለም፣ አባ። ያምናው ሞቶ ነበር፤ ሞቶ እንደ ነበረ እየጠረጠርሁ ነው የወጋሁልዎ። ትናንትም ግማሹ ሞተብን፤ እሱን አቃጥዬ ነው የመጣሁ። ይኸ ሕያው ነው። ለሁሉም አይበቃም፤ የእርሻ በሬና የምትታለብ ላም ብቻ ልውጋ።»

አባ ተገኘ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «ግማሹን አቃጠልህ?» ብለው ጠየቁ።

«አቃጠልሁ።»

«እንግዲያ ይኸኛውን አምነኸዋል ማለት ነው» አሉና የራሳቸውን በሬ ቀንዱን ይዘው ወደ አጥሩ አስገቡ። ሌሎቹ ተከተሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት በሥራ ዘመኔ ከኖርኋቸው ሁሉ የሚከብዱ አድርጌ አስታውሳቸዋለሁ። በሽታው ከመንደሪቱ ማዶ ያለውን የነጋዴ ከብት ፈጀ፤ አሞራው ከደባርቅ ይታይ ነበር። ከመንደሪቱ ግን ወሬ የለም። መጋዘኑ ተከፍቶ ምሳው እንደገና ተጀምሯል፤ ጓድ መስፍን በማዕዱ ባይቀመጡም በሩን ገፋ አድርገው «የተሰማ ነገር አለ?» ይሉናል፤ እኛም እንደ ቀድሞው ሳንደብቅ፣ የላምባውን ማነስም፣ የመርፌውን መደነዝም እንነግራቸዋለን። ስለ መንደሪቱ የምንነግራቸው ግን አልነበረንም።

በሚያዝያ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ምሳ ላይ ሳለን የመጋዘኑ በር ጨለመ፤ አባ ተገኘ ቆመዋል። ሁላችንም ማኘክ አቆምን። ጋሼ ደሳለኝ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ፤ ዓይናቸው ቀድሞ የሄደው ወደ ሽማግሌው ጫንቃ ነበር። ጫንቃቸው ላይ ጋቢ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

«ምን እግር ጣለዎ፣ አባ?»

«ጨው ልገዛ።»

«በሬዎቹስ?»

«ልጄ በጧት ጠምዷቸው ወጥቷል» አሉ አባ ተገኘ፤ የሚጠየቅ ነገር መሆኑም የገረማቸው ይመስሉ ነበር። «እያረሱ ነው።»

ሲስተር አልማዝ ለሽማግሌው ቦታ ለቀቀች። ጋሼ ደሳለኝ ተመልሰው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ፤ ቆርሰው ጎረሱ፤ ደግመው ቆረሱ። ዘውዱ የራሱን ወጥ ቀስ ብሎ ወደ እርሳቸው ገፋላቸው። ጠግበው ሲበሉ ካየሁዋቸው ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር።